ሕክምና መብት ነው ወይስ የራስ ኃላፊነት? እጅ ከማውጣትዎ በፊት የሚነበብ ንጽጽር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው የሕክምና ሽፋን እንዲመርጥ የተቋቋመ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። ሰባት ነበርን። የመጀመሪያው ስብሰባ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ለሁለት ተከፈልን። «የታመመ ሰው ገንዘብ የለህም ተብሎ አይመለስም፤ መታከም መብቱ ነው» የሚሉ በአንድ በኩል፤ «እኔ በየማለዳው እሮጣለሁ፣ ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ ለሚያጨሰው የምከፍለው በምን ዕዳዬ ነው?» የሚሉ በሌላ በኩል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት የውል ረቂቆች ተቀምጠዋል። ሦስት ሳምንት ስንጨቃጨቅ አንዳቸውንም የገለጠ አልነበረም።

እያደር የገባኝ ነገር ቢኖር ሁለቱ ወገኖች የሚያወሩት ስለተለያየ ሰዓት መሆኑ ነው። ለአንዱ የሚታየው በሽተኛው አልጋ ላይ የወደቀበት ሌሊት ነው። ለሌላው የሚታየው ጤነኛው ሰው ደመወዙን የሚቀበልበት ቀን ነው። የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገረው፦ ኃላፊነት የሚጠየቀው በጤና ጊዜ ነው፤ ከታመሙ በኋላ የሚጠየቅ ኃላፊነት ቅጣት እንጂ ሌላ ስም የለውም። የሚከተለው ንጽጽር በዚህ ዓይን የተጻፈ ነው። የማይስማሙ ካሉም መከራከሪያ አያጡበትም። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«መብት» ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?

ቃሉ በወረቀት ላይ ከሰፈረ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ ሰነድ በ1946 ሲጸድቅ ሊደረስበት የሚችለው ከፍተኛ የጤና ደረጃ የማንኛውም ሰው መሠረታዊ መብት ነው አለ። በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 25 ሕክምናን ከምግብ፣ ከልብስና ከመኖሪያ ቤት ጋር ደረደረው። በ1966 የጸደቀው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን ደግሞ መንግሥታት ይህን የሚፈጽሙት ደረጃ በደረጃ፣ ባላቸው ሀብት ልክ መሆኑን ጨመረበት። አሜሪካ ቃል ኪዳኑን በ1977 ፈርማለች፤ እስካሁን ግን አላጸደቀችውም።

«መብት ነው» የሚል ሰው እንግዲህ ማንም እንዳይታመም ዋስትና እየሰጠ አይደለም። የፈለጉት ሕክምና ሁሉ ይሰጥ እያለም አይደለም። ታዲያ ምን እያለ ነው? ለዚህ የደቡብ አፍሪካን ሁለት ፍርዶች ጎን ለጎን ማየት ብዙ ገጽ ከሚፈጅ ትንታኔ ይሻላል።

የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳለው፣ ድንገተኛ ሕክምናም ማንም ሊከለከል እንደማይችል ይደነግጋል። በ1997 አንድ የ41 ዓመት ሥራ አጥ ሰው ይህን ይዞ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ቀረበ። ስኳርና የልብ ሕመም አለበት፤ ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። በግል የኩላሊት እጥበት ያደርግበት የነበረው ገንዘብ አልቋል። የመንግሥት ሆስፒታሉ የኩላሊት እጥበት ማሽኖቹ ጥቂት ስለሆኑ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚድኑና ንቅለ ተከላ ሊደረግላቸው ለሚችሉ ነው፤ ሰውየው ከሁለቱም ውስጥ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። ዕድሜ ልክ የሚቀጥል እጥበት ድንገተኛ ሕክምና ሊባል አይችልም፣ የሆስፒታሉ መመዘኛም ሚዛናዊ ነው አለ። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

በ2002 ያው ፍርድ ቤት ሌላ ጉዳይ ቀረበለት። ኔቪራፒን የተባለው መድኃኒት ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ ይረዳል። አምራቹ ለአምስት ዓመት በነጻ ልስጥ ብሏል። መንግሥት ግን በየክፍለ ሀገሩ በጥቂት የሙከራ ጣቢያዎች ብቻ እንዲሰጥ ገደበው። እዚህ ላይ ፍርድ ቤቱ ገደቡ ይነሣ ብሎ አዘዘ።

ሕገ መንግሥቱ አንድ፣ ፍርድ ቤቱ አንድ፣ ውሳኔው ሁለት። በመጀመሪያው ጉዳይ የከለከለው ወገን ምክንያት ነበረው፤ በሁለተኛው አልነበረውም። መብት ማለት በተግባር ይኸው ነው፦ «ለምን ተከለከልኩ?» ብሎ መጠየቅና የሚያሳምን መልስ ማግኘት። ከዚህ በላይ የሚያስኬዱት አገሮች ሌላ ጣጣ ገጥሟቸዋል። ብራዚል በ1988 ሕገ መንግሥቷ ጤና የሁሉም መብት፣ የመንግሥትም ግዴታ ነው ብላ ከጻፈች ወዲህ ውድ መድኃኒት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማግኘት የተለመደ ሆኗል። ጠበቃ ማቆም የቻለ ይቀድማል። ወረፋው ከሐኪም ቤት ደጅ ወደ ችሎት ደጅ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

«የራስ ኃላፊነት» ሲሉስ?

በዚህ ቃል ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደብቀዋል፤ ተከራካሪዎች ከአንዱ ወደ አንዱ ሳያስታውቁ ይዘላሉ። አንዱ አኗኗር ነው፦ አታጭስ፣ ክብደትህን ጠብቅ፣ ግፊትህን ተለካ። ሁለተኛው አስቀድሞ ማዋጣት ነው። ሦስተኛው ሲታመሙ ከኪስ መክፈል ነው። የመጀመሪያውን ወዶ ሦስተኛውን የሚጠላ ሰው ሞልቷል፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ሦስተኛውን የጠላሁበትን ሌሊት ልንገራችሁ። እህቴ ትርፍ አንጀት ታማ ድንገተኛ ክፍል አድረናል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ካሽ መስኮት ላይ ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ ያለው ሰው ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል። ሚስቱ ከኋላችን ኮሪደሩ ላይ በቃሬዛ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ወርዷል፣ ቀኝ እጇ ከቃሬዛው ውጪ ተንጠልጥሏል። ሲቲ ስካን ከመነሣቷ በፊት ዲፖዚት ተጠይቋል። ሰውየው ከሦስት ኪሶቹ የተጣጠፈ ገንዘብ አውጥቶ ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ። አልሞላም። ከዚያ የእጅ ሰዓቱን ፈታና ከመታወቂያው ጋር በመስታወቱ ሥር አሾለከው። ገንዘብ ተቀባይዋ ሰዓቱን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ገፋ አድርጋ መለሰችለት። ክፉ ሆና አይደለም፤ ሰዓት የሚመዘገብበት ደረሰኝ የላትም።

ሴትየዋን የመታት ስትሮክ የደም መርጋት ያመጣው ከሆነ መርጋቱን የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው ምልክቱ በታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ሰዓቱ የሚቆጥረው ይህን ነበር። ከኋላዬ አንድ ድምፅ «ግፊቷን ብትከታተል ኖሮ» አለ። ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ጅብ ከሄደ በኋላ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለትም ይህ ነው፦ ሕመሙ ሳያንስ ሒሳቡ፣ ሒሳቡ ሳያንስ ወቀሳው። ተሰልፈን የነበርነው አዋጥተን ሞላነው። ግፊቷን ብትከታተል ያለውም ሰው ሰጠ። ሳስበው፣ በሌሊት፣ በማይተዋወቁ ሰዎች፣ ያለ ውል የተቋቋመ የጤና መድን ነበር። ሴትየዋ በኋላ ምን እንደሆነች አላወቅሁም።

ወደ አኗኗር ልመለስ። ትምባሆ ሊወገዱ ከሚችሉ የሞት ምክንያቶች ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን «በራሱ ያመጣው» እና «ሳያጠፋ የመጣበት» የሚለውን መለየት ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይቻልም። በልጅነቱ ዓይነት አንድ ስኳር የያዘው ሰው ሰውነቱ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ሴሎች ራሱ ስላጠቃ እንጂ ስኳር ስለላሰ አይደለም። ሲጋራ ሳያጨሱ የሳንባ ካንሰር የሚይዛቸው ጥቂቶች አይደሉም። ያጨሰውም ቢሆን የጀመረው ብዙ ጊዜ በጉርምስናው ነው። ይህን ሁሉ የሚመረምረው ማን ነው? ሐኪሙ? ሐኪም ዳኛ ከሆነ በሽተኛው እውነቱን አይነግረውም። «ስንት ትጠጣለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሒሳብ የሚያስጨምር ከሆነ ማን በልኩ ይመልሳል?

ለማለዳው ሯጭ ባልደረባችን ያሳየሁት አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት አለ፤ በ2008 የታተመ ነው። ተመራማሪዎቹ ጤናማ ኑሮ የሚኖሩ፣ ከመጠን በላይ የወፈሩና የሚያጨሱ ሰዎች በዕድሜ ዘመናቸው ለሕክምና የሚያስወጡትን በስሌት አነጻጸሩ። ከፍተኛውን ወጪ የሚያስወጡት ጤነኞቹ ሆነው ተገኙ፤ ዝቅተኛውን አጫሾቹ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አጫሹ ቶሎ ይሞታል፤ ጤነኛው አርጅቶ ለረጅም ዓመታት ይታከማል። ባልደረባችን ሳቀ፣ ከዚያ ትንሽ ዝም አለ። ሲጋራን ለማበረታታት አይደለም፤ ኃላፊነትን በወጪ ብቻ ለመለካት ከተነሣን ሚዛኑ ወዳልጠበቅነው ጎን እንደሚደፋ ለማሳየት ነው። አጫሹን ማስከፈል የምንፈልግ ከሆነ ደህናው ቦታ ሲጋራውን የሚገዛበት መደብር ነው። የትምባሆ ግብር ያንን ያደርጋል፤ ያውም ሳይታመም።

መንገዶቹ አራት ናቸው

አገሮች ለጥያቄው በቃል ሳይሆን በአከፋፈል መልሰዋል። ብዙ ዓይነት ቢመስልም ሥሩ አራት ነው፤ አብዛኛው አገርም ይቀላቅላቸዋል።

በግብር መሸፈን የመጀመሪያው ነው። ብሪታንያ በአኑሪን ቤቫን የጤና ሚኒስትርነት ዘመን፣ ጁላይ 5 ቀን 1948 የጀመረችው አገልግሎት ዋናው ምሳሌ ነው። በሽተኛው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ዋጋ አይጠየቅም፤ ያ የካሽ መስኮት የለም። ዋጋው የሚከፈለው በወረፋ ነው። በ2023 በእንግሊዝ ቀጠሮ የያዘ ሕክምና የሚጠብቁ ጉዳዮች ቁጥር ከ7 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ይህ አገልግሎት ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው «ሁሉም በነጻ» የሚለው ተሸርሽሯል። በ1951 መንግሥት ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር ክፍያ ሊጀምር ሲል ቤቫን ከሹመቱ ለቀቀ። በተከታዩ ዓመት የመድኃኒት ማዘዣም ክፍያ መጣበት። መብቱ አልጠፋም፤ ጠርዙ ግን ተከርክሟል።

ሁለተኛው አስገዳጅ መድን ነው፤ እኔ የማደላው ወደዚህ ነው። ጀርመን በ1883 ጀመረችው። መራሔ መንግሥቷ ቢስማርክ ርኅሩኅ ስለሆነ አልነበረም፤ ሠራተኛውን ከሶሻሊስቶቹ ሊነጥቅ ነው። ያኔ ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው ይከፍል ነበር። ዛሬ እኩል ይካፈላሉ፤ መደበኛው መጠን የደመወዝ 14.6 በመቶ ሲሆን ተጨማሪም አለበት። ስዊዘርላንድ በ1996 በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ሰው ሁሉ ከግል መድን ሰጪ መሠረታዊ ሽፋን እንዲገዛ ታስገድዳለች። መድን ሰጪው ደግሞ «አንተ በሽተኛ ነህ» ብሎ መመለስ አይችልም። አዋቂ ሰው መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመት ከራሱ የሚያወጣውን መጠን ከ300 እስከ 2,500 ፍራንክ ይመርጣል፤ ከፍተኛውን የመረጠ መዋጮው ይቀንስለታል። አቅም የሌለው ድጎማ ያገኛል። ልብ ይበሉ፦ ግዴታው ጤነኛ ሳለ፣ መብቱ ሲታመም። የአልጋው ሰዓትና የደመወዙ ቀን የታረቁበት ቦታ ይህ ነው።

ለምን ማስገደድ? አሥር ሰዎች አንድ ማኅበር አቋቋሙ እንበል። በዓመት ከመካከላቸው አንዱ 100 ሺህ የሚያስወጣ ሕመም ይገጥመዋል። እያንዳንዱ 10 ሺህ ያዋጣል። ሁለቱ ወጣትና ጤነኛ ናቸውና «እኛን አይነካንም» ብለው ወጡ። ሕመሙ ግን ከእነሱ ጋር አልወጣም፤ ስምንቱ 12,500 ይከፍላሉ። በዚህ ዋጋ ሌሎች ሁለት ወጡ፤ የቀሩት ስድስቱ እያንዳንዳቸው ከ16 ሺህ በላይ። እንዲህ እያለ በመጨረሻ የሚቀሩት በጣም የታመሙት ብቻ ናቸው፣ ያኔ ማኅበሩ ማኅበር መሆኑ ያበቃል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚሆነው ሃምሳው ሰው ሲኖር ነው። በሐቀኝነት አንድ ነገር ልጨምር፦ አሜሪካ በ2010 ሕግ ያመጣችውን የመድን ግዴታ ቅጣት ከ2019 ጀምሮ ወደ ዜሮ አውርዳዋለች፤ ገበያው ግን አልፈረሰም። ደግፎ ያቆመው ድጎማው ነው። ማለትም ሰውን በዱላ ብቻ ሳይሆን ዋጋውን ዝቅ አድርጎም ማስገባት ይቻላል።

ሦስተኛው የራስ ቁጠባ ነው። የኃላፊነት ወገኖች ሲንጋፖርን መጥቀስ ይወዳሉ፤ እውነትም ብዙ የሚማሩባት አገር ናት። ከ1984 ጀምሮ ሠራተኛው ከደመወዙ የተወሰነው ሜዲሴቭ በተባለ በስሙ በተከፈተ የሕክምና ሒሳብ ይቀመጥለታል። የራሱ ገንዘብ ስለሆነ አያባክነውም ነው ሐሳቡ። ጠቃሾቹ የሚዘነጉት ግን ቀጣዩን ታሪክ ነው። ካንሰር በቁጠባ አይቻልምና በ1990 ለከባድ ሕመም መድን ተጨመረ። ሁለቱም ለማይበቃቸው ድሆች በ1993 የእርዳታ ፈንድ ተቋቋመ። በ2015 መድኑ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች በሙሉ፣ ቀድሞ ሕመም ያለባቸውን ጨምሮ፣ አስገዳጅ ሆነ። በኃላፊነት መንገድ የጀመረችው አገር ሠላሳ አንድ ዓመት ተጉዛ ከሁለተኛው መንገድ ጋር ተገናኘች።

አራተኛው የቻለ ይክፈል፣ የፈለገ መድን ይግባ የሚለው ነው። እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የቆመበት አገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ደጃፉ ላይ የሚሞትን ተራምዶ ማለፍ አይችልም። በአሜሪካ እንኳ በ1986 የወጣ ሕግ ሆስፒታሎች ድንገተኛ በሽተኛን ገንዘብ አለው የለውም ሳይሉ እንዲያዩና እንዲያረጋጉ ያስገድዳል። ለዚህ የሚሆን በጀት ግን ሕጉ አልመደበም። ወጪው ዞሮ ዞሮ የሌሎች ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «እኔ ለሌላው አልከፍልም» የሚለው ምርጫ በተግባር የለም። ያለው ምርጫ አስቀድሞ በሥርዓት ወይም ዘግይቶ በተዘዋዋሪ መክፈል ነው።

በተግባር ሲሞከር የታየው

እዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች የማይወዱት ማስረጃ አለ። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በ1970ዎቹ ከ2 ሺህ በላይ ቤተሰቦችን በዕጣ መድቦ ለአንዳንዶቹ ሕክምናን ሙሉ በሙሉ በነጻ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ከዋጋው እስከ 95 በመቶ ራሳቸው እንዲከፍሉ፣ ሆኖም በዓመት ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፉ አደረገ። የሚከፍሉት በነጻ ከሚታከሙት ያነሰ ሕክምና ተጠቀሙ፤ ልዩነቱ ከፍተኛ ክፍያ ካለባቸው ጋር ሲታይ 30 በመቶ ገደማ ነበር። የአብዛኞቹ ጤና ግን አልተጎዳም። የኃላፊነት ወገን ይህችን ይዞ ይሮጣል። የቀረውን ግማሽ አያነብም፦ ሰዎቹ የቀነሱት የማይጠቅመውን ብቻ አልነበረም፤ የሚጠቅመውንም እኩል ቀነሱ። ድሃ በሆኑትና ቀድሞ በታመሙት ላይ ደግሞ፣ በተለይ በደም ግፊት፣ ጉዳቱ ታየ።

የመብት ወገንም የሚውጠው መራራ አለ። የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት በ2008 ለድሆች የሚሰጠውን የሕዝብ መድን በዕጣ አደለች፤ ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ማነጻጸር ተቻለ። መድን ያገኙት ብዙ ታከሙ፣ የድብርት መጠናቸው ቀነሰ፣ ከሕክምና ዕዳ ተረፉ። የደም ግፊታቸውና የኮሌስትሮላቸው ልኬት ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። እኔ ከሁለቱ የምወስደው ይህን ነው፦ መድን ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ኪስንና እንቅልፍን ነው። ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2023 ባወጡት ሪፖርት ከኪስ በሚከፈል የሕክምና ወጪ ምክንያት ለገንዘብ ችግር የተጋለጡ ሰዎች 2 ቢሊዮን ገደማ ናቸው።

«ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ታይላንድ ግን ገና መካከለኛ ገቢ ላይ ሳለች፣ በ2001 ጀምራ፣ በአንድ ጉብኝት 30 ባህት ብቻ የሚያስከፍል ሽፋን ለቀሪው ሕዝቧ አዳረሰች። ጃፓንም መላ ሕዝቧን በመድን ውስጥ ያስገባችው በ1961 ነው፤ ያኔ የዛሬዋ ሀብታም ጃፓን አልነበረችም።

ጥያቄውን ለበሽታው እንጂ ለ«ሕክምና» አይጠይቁት

ኮሚቴያችንን ከጭቅጭቅ ያወጣው ቀላል ዘዴ ነበር፤ አንዲት የሒሳብ ክፍል ባልደረባ ያመጣችው። «ሕክምና መብት ነው?» የሚለውን ተዉና በሽታዎቹን ጻፉ አለችን። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ አስቀድሞ ይታወቃል? ሊቆይ ይችላል? ሌላ ሰው ይነካል?

ስትሮክ፣ የመኪና አደጋ፣ አስቸጋሪ ምጥ፦ አይቆዩም፣ ዋጋ ለማነጻጸር ጊዜ አይሰጡም። እዚህ ያለ ምንም ማቅማማት መብት። የሳንባ ነቀርሳ፦ መደበኛው ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ በሽተኛው ገንዘብ አልቆበት መሐል ላይ ቢያቋርጥ መድኃኒት የተለማመደ ተሕዋስ ይዞ ወደ አውቶቡስ ይሳፈራል። ነጻ መሆን ያለበት ለእሱ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ለማለዳው ሯጭም ተብሎ ነው። ክትባትም እንዲሁ ነው፤ ኩፍኝ እንዳይዛመት ከመቶ 95 ያህሉ መከተብ አለባቸው። እዚህ ላይ ኃላፊነትም አለ፣ ግን ኃላፊነቱ ልጅን ይዞ መሄድ ነው፤ መክፈል አይደለም።

ግፊትና ስኳር ብዙ ያከራከሩን ናቸው። አኗኗር ድርሻ አለው፣ ሕመሙም ዕድሜ ልክ ነው። ለየወሩ ክኒን ክፍያ እናድርግ ያለ ነበር። የራንድን ውጤት ያነበበ ሰው ግን ይህን አያደርግም። ክኒኑን ያቋረጠ ሰው ከዓመታት በኋላ በቃሬዛ ይመጣል፤ ያኔ ወጪው የክኒኑ ብዙ እጥፍ ነው። ለጉንፋን ሐኪም ቤት መመላለስ ላይ ግን ትንሽ ክፍያ ብትኖር አልቃወምም፤ ጣሪያ እስካላት ድረስ። ለውበት ሲባል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ላይ ደግሞ ማንም አልተከራከረም።

ውሉን ሲገልጡ

መርሑን ከመረጡ በኋላ ሥራው ወደ ወረቀቱ ነው። ሽፋኑን የሚወስነው በትልቁ የተጻፈው መጠን ሳይሆን ከኋላ በትንሹ የተጻፈው ነው። ከእኛ ሦስት ረቂቆች መዋጮው እጅግ ርካሽ የነበረው ቀድሞ የነበረ ሕመምን በሙሉ ያስቀር ነበር። ሲተረጎም፦ መድን የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ ውጪ ነው ማለት ነው። ሌላው «ድንገተኛ ሕክምናን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል» ይላል፤ አከፋፈሉ ላይ ግን ሠራተኛው ከፍሎ ደረሰኝ ሲያመጣ በ60 ቀን ውስጥ እንደሚመለስለት ተጽፏል። ያ ሰውዬ ሰዓቱን በመስታወት ሥር ሲያሾልክ ይህ አንቀጽ ቢኖረው ምን ይጠቅመው ነበር? የሚፈልጉት ሆስፒታሉ በቀጥታ ከመድኑ የሚያስከፍልበትን፣ በድንገተኛ ጊዜም ዲፖዚት የማይጠየቅበትን ነው።

ጣሪያ የማን እንደሆነ ይለዩ። በታካሚው ክፍያ ላይ ያለ ጣሪያ ታካሚውን ይጠብቃል፤ በመድኑ ክፍያ ላይ ያለ ጣሪያ መድን ሰጪውን ይጠብቃል። ሁለቱ ተመሳሳይ ቃል ለብሰው ይመጣሉ። መዋጮው በዕድሜ የሚጨምር ከሆነ ዛሬ የሚስማማው ወጣት ነገ ሲያረጅ የሚገፋው ራሱ የፈረመው ውል ነው። ሲከለከሉ ይግባኝ የሚሉበት ቦታ መኖሩንም ያረጋግጡ። ደቡብ አፍሪካዎቹ ፍርዶች ላይ እንዳየነው፣ «ለምን?» የሚባልበት ቦታ ከሌለ መብት የሚለው ቃል ባዶ ነው።

እኛ ሦስተኛውን ረቂቅ አስተካክለን ወሰድን። ሠራተኛው ሁሉ በደመወዙ ልክ ያዋጣል፤ አልፈልግም ብሎ መውጣት የለም። ድንገተኛው ያለ ዲፖዚት፣ የዘወትር መድኃኒት ያለ ክፍያ፣ የተመላላሽ ጉብኝት ዓመታዊ ጣሪያ ባላት ትንሽ ክፍያ። የማለዳው ሯጭ በዓመት አንድ ነጻ የጤና ምርመራ ካልገባበት አልፈርምም አለ፤ ገባለት። በመነጽር ላይ ግን አምስት ጊዜ ድምፅ ሰጥተን አምስቱንም ጊዜ አልተስማማንም። ቤቫንን ከሹመቱ ያስነሣ ነገር ነውና ብዙ አልገረመኝም።